በአቦ ዕለት የተጣበቀ ክንፍ

መስከረም 28። ጠዋት 3፡30

አሁንም ውርጭ። ደጅ ያደረው ውሃ ላዩ ረግቷል። የኮላውን ጣሳ ነካሁት፣ ቀዘቀዘኝ፣ ሳልከፍት መለስኩት። ላዩ ላይ በብርድ አትቀላቅሉ ተብሎ ተጽፏል። መንዝ ላይ ብርድ የሌለበት ሰዓት የትኛው እንደሆነ ግን አልጻፉም።

ቀኝ ኤሌሮን አልቋል፤ ጨርቁን ለብሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ግራው ገና አጥንት ነው። ቃሉ ስለሚረዝምብኝ ከዛሬ ጀምሮ ኤ. እያልኩ እጽፍልሻለሁ ደብተሬ። ባለቤቴ አሰለፈች ለእህቷ ስታስረዳ ሰማኋት። በክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ በማጠፊያ የምትሰቀል መዝጊያ ናት አለች፤ የግራዋ ከፍ ስትል የቀኟ ዝቅ ትላለች፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የምታጋድለው እሷ ናት። ከእኔ አሳምራ ተናገረች። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

ይሳቁ። ስድስት ዓመት የለፋሁት አዲስ አበባ ለመብረር አይደለም። ከመሬት ሦስት ሜትር ከፍ ብዬ፣ ከወል ሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ። በቃ። ሜዳው ባዶ የሚሆነው ኅዳር ላይ ሣሩ ከታጨደ በኋላ፣ ከብት እስኪለቀቅበት ድረስ ነው፤ ሳምንት ቢሞላ ነው። ካቻምና ሞተሩ አልደረሰም። አምና ጎማው። ዘንድሮ ካለፈኝ አበቃ፤ በበልግ ለሥራ አጥ ወጣቶች ተሸንሽኖ ይታረሳል ተብሏል። የአጥቢያው ሽማግሌ አቶ በላቸው ሜዳውን እንደሚፈቅዱልኝ ቃል ሰጥተዋል። እየሳቁ ነው የሰጡኝ፣ ግን ሰጥተዋል።

አልደርስም። ይሄን ደግሞ ለአንቺ ካልሆነ ለማን እላለሁ።


ጥቅምት 2። ማታ 12፡00

ጣሳውን ከፈትኩ። ከተከፈተ ሦስት ቀን ነው ዕድሜው፤ ከዚያ ወዲያ ኮላ ነኝ ይበል እንጂ አይይዝም። ዛሬ ሁሉንም ልጨርስ ነበር ሐሳቤ። ከቤቱ ጀርባ፣ በግድግዳውና በአያ ክፍሌ አጥር መካከል ያለችው ጠባብ ቦታ ነፋስ አይደርስባትም፤ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ይቆይባታል። እዚያ ሆኜ ግራ ኤ. ላይ አምስት የጎድን አጥንት አጣበቅሁ (ጨርቁን ቀጥ አድርገው የሚይዙትን ስስ እንጨቶች እንዲያ ነው የምላቸው)። ከዚያ ደመና ሸፈነው። ሰባት ቀሩኝ።

አያ ክፍሌ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብለው ዛሬ ከእንጨቱ የትኛው እንደተጋባ ጠየቁኝ። ሁልጊዜ ተጋባ ነው የሚሉት። ሰባ አልፏቸዋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ሴቶች ልጆቻቸው ዓለም ከተማ ተድረዋል። ገብሳቸው አምሯል። በዚህ ሰፈር ሳይስቅ የሚጠይቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።


ጥቅምት 4። እሑድ

ትናንት ቅዳሜ። ዛሬ እሑድ። ነገ አቦ፣ ያውም ዓመታዊው። ማክሰኞ ሲመጣ ጣሳው ሞቷል።

እዚህ አገር በበዓል ገበሬ በሬ አይጠምድም፣ አናጢም መጋዝ አያነሣም። በዓል የሻረ ሰው በረዶ ይጠራል ነው የሚባለው። በረዶው ደግሞ የሻሪውን ማሳ ለይቶ አይወርድም፤ የሁሉንም ነው የሚመታው። ስለዚህ የአንዱ ሥራ የሁሉም ጉዳይ ነው። ከልጅነቴ ስሰማው ያደግሁት ነው። አላምንበትም። አላምንበትም ብዬ ለሰው ተናግሬ ግን አላውቅም።

ሌላ ጣሳ ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ስንት ቀን? ከመጣስ ፀሐይ ያለው የሥራ ቀን ስንት? ቆጠርኩት። ባልቆጥረው ይሻለኝ ነበር።


ጥቅምት 5። ከቀኑ 8፡00

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሰፈሩ በሙሉ አቦ ሄዷል። አሰለፈች ነጠላዋን ደርባ ስትወጣ ራሴን አሞኛል አልኳት። ትንሽ አየችኝና ሄደች።

ሰባቱንም አጣበቅሁ! ጠርዙ ስላላመረኝ በሞረድ አስተካከልኩት። ሞረዱ ይጮኻል። ጨርቅ ጠቅልዬበት ነበር፣ አልረባም። ሁሉም አንድ ሰዓት ግድም ቢፈጅ ነው። በሞርሳ አጥብቄ ፀሐይ ላይ ተውኩት። ደስ ብሎኛል። ይመዝገብ፣ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም።


ያው ዕለት። 11፡00

በረዶ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ግራ ኤ.ን ከነሞርሳው አቅፌ ቤት እንዳስገባሁ ጣሪያው መንኳኳት ጀመረ። አሰለፈችን አላሰብኩም፣ ኤ.ን ነበር ያሰብኩት። ይሄንንም ልጻፈው። ግማሽ ሰዓት ወረደ። ስወጣ ደጁ ነጭ፣ የአያ ክፍሌ ገብስ መሬት ላይ ተኝቷል። ከሳቸው በታች የአቶ በላቸው፣ ከዚያ በታች እስከ ወንዙ ድረስ የሁሉም። ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ማሳቸው ዳር እየቆሙ የተኛውን ያያሉ። የሚያለቅስ እንኳ አልነበረም።

አሰለፈች ረጥባ ገባች። ጣቶቼ ላይ የደረቀውን ኮላ አየች። ውሃ አሙቃ አቀረበችልኝ። ኮላ በውሃ አይለቅም።


ጥቅምት 6

ደመና ነው በረዶ ያወረደው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት ሲገናኝ ነው። አንብቤዋለሁ። ጥቅምት ላይ ስንቴ በረዶ አይተናል፣ ሥራ በሌለበትም ቀን። ሌሊቱን ይሄንን ለራሴ ሳስረዳ አደርኩ። እስኪ ያላጠፋ ሰው ይሄን ያህል ማስረዳት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?


ጥቅምት 11። እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተቀመጥን። የአጥቢያው አባወራ በሙሉ፣ ከቅጥሩ ውጭ ጽዱ ሥር። አቶ በላቸው ተነሥተው ያየ ይናገር፣ የሰማ ይናገር፣ ሰምቶ የደበቀ እህሉ አይባረክ አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። እኔም አልኩ።

ልጇ ታሞባት በጊዜ ከአቦ የተመለሰች ሴት ነበረች። በመንገድ ሳልፍ የሞረድ ድምፅ ሰምቻለሁ አለች። ከየት በኩል? ከአያ ክፍሌና ከአናጢው አጥር በኩል። ሰው ሁሉ ወደ ሁለታችን ዞረ።

አፌን ከፍቼ ነበር። እመኚኝ ደብተሬ፣ ከፍቼ ነበር። አያ ክፍሌ ቀድመውኝ ቆሙ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ማጭዴን ሁለት ጊዜ ሞረድ አስነክቻታለሁ። ገና ሳልሳለም፣ በጠዋቱ። እጄ ለምዶ እንጂ በዓሉ ጠፍቶኝ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሁለት ጊዜ! ሴትዮዋ የሰማችው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሰዓቱን የጠየቃት ግን የለም። ሰው ያጠፋሁ እኔ ነኝ ካለ ሰዓት ማን ይጠይቃል። ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተማክረው ፍርዱን አመጡ። በዘንድሮው አጨዳ ለአያ ክፍሌ ማንም ወንፈል ገብቶ አያግዝም። የገባ የጥፋቱ ተካፋይ ይሆናል። እሳቸው መሬት ስመው ተቀበሉ።

እኔ አልዋሸሁም። የጠየቀኝ የለም። አፌን መልሼ ዘጋሁ እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ።


ጥቅምት 13

ሞርሳዎቹን ፈታሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደህና ናቸው። ሰባቱን አንድ በአንድ በጣቴ አንኳኳሁ፤ ድምፃቸው ባዶ ነው። አንዱን ገፋ ሳደርገው ተላቀቀ። ሁለተኛውም። ሁሉም። የበረዶው ብርድ ቤት ድረስ ገብቶ ኮላውን ሳይጠና ይዞታል፤ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ሰም ይነሣል።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። በዓል ሻርኩ፣ የሰው ስም አጠፋሁ፣ ለዚህ ነው። አንድም የጎድን አጥንት አልያዘልኝም። ሳቅሁ። አሰለፈች ከጓዳ ወጥታ አየችኝና ተመልሳ ገባች።


ጥቅምት 20

አዲስ ጣሳ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ደረሰኝ። አሁን የዘየድኩት፦ ሸራ ወጥሬ፣ ከሥሩ የከሰል ምድጃ አድርጌ ማሞቅ። ጭሱ ዓይን ያወጣል፣ ግን ይሞቃል። ይሄንን በመስከረም ባስበው ኖሮ አቦ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ስድስት ዓመት አውሮፕላን የሠራ ጭንቅላት ምድጃ ማሰብ አቃተው።

ሰባቱ ዳግመኛ ተጣበቁ። ነገ ይጠናሉ።


ጥቅምት 26

አያ ክፍሌ ብቻቸውን ያጭዳሉ። የተኛ ገብስ ቀና ብሎ አይታጨድም፤ መሬት ለመሬት እየተዳኸ ነው የሚለቀመው። ጥቂት ያጭዱና ይቀመጣሉ። በየማሳው ወንፈል ተሰብስቦ ይዘፍናል፣ ከበረዶው የተረፈውን ያነሣል። የሳቸው ማሳ ላይ አንዲት ጀርባ ብቻ።

አሰለፈች ጠላና ቆሎ ወሰደችላቸው። አልተቀበሏትም። በእኔ ኃጢአት የሰው እህል ጠፍቶ እኔ ጠላ አልጠጣም አሏት። ይሄን ስትነግረኝ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ሞረዴን ይዤ ወደ ጀርባ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ።

አያ ክፍሌ የሚያሳዝኑኝ ተቀጥተው አይደለም። አምነው ነው። የሰፈሩን ገብስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብለው እያመኑ ነው የሚተኙት።


ጥቅምት 28

ግራ ኤ. ጨርቅ ለበሰ። ቴትሮን ነው፤ ጠርዝ ጠርዙን በኮላ ይዤ በከሰል ካውያ ሳልፍበት እየተኮማተረ ይወጠራል። ካውያው ከሞቀ ይቀደዳል፣ ከቀዘቀዘ ይላላል። ጉንጬ አጠገብ እያስጠጋሁ ነው ሙቀቱን የምለካው። ሲያልቅ በጣቴ መታሁት፤ ከበሮ ሆኗል። እንዲህ ያለ ጥሩ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። የተሠራው ግን ምን ላይ ቆሞ እንደሆነ አውቃለሁ።


ኅዳር 4

ሚዛን። ኤ. ከማጠፊያው ኋላ ከከበደ አየር ላይ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ እየባሰ ክንፉን ይገነጥላል። ስለዚህ ፊት ለፊቱ እርሳስ ይጨመርበታል። ከአሮጌ ባትሪ ያቀለጥኩትን እርሳስ በጥቂት በጥቂቱ እየሞረድኩ አስተካከልኩ። በሁለት ሚስማር ላይ አንጠልጥዬ ለቀቅሁት። ወዲያም ወዲህም ሳይል ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀለም አልቀባውም፤ ቀለም ኋላውን ያከብደዋል።

ሁለቱም ኤ. ደረሱ። ደረስኩ ማለት ነው። ለካ መድረስም እንዲህ ነው።


ኅዳር 6። ቁስቋም

አቶ በላቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ አሉ። ኤ.ዎቹን አሳየኋቸው። ዛሬ አልሳቁም። በትራቸውን ደገፍ ብለው ብዙ ቆዩ። የሜዳው ሣር 13 ታጭዶ ያልቃል፣ 14 ጠዋት ሜዳው ያንተ ነው፣ ሰው ከዳር እንዲቆም እኔ ራሴ አስተናብራለሁ አሉኝ። ለዚህ ቃል ነው ስድስት ዓመት የኖርኩት።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር አሉ።

«ማሙሸት፣ አሁን ልንገርህ። የዚያን ዕለት ሞረድ ሲባል መጀመሪያ የጠረጠርነው አንተን ነበር። በዓል የሻረ ደግሞ የወሉን ሜዳ አይረግጥም። አያ ክፍሌ ባይናዘዙ ኖሮ ይሄ ሁሉ ድካምህ ገደል ገብቶ ነበር። እግዜር ከሐሜት አወጣህ።»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። ከሄዱ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ምሳም ሳልበላ ዋልኩ።


ኅዳር 10። ከቀኑ 10፡00

ግራ ኤ.ን ክንፉ ላይ ለመስቀል ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ደግፎ ይይዛል፣ አንዱ የማጠፊያውን ዘንግ ያስገባል። አሰለፈች ገበያ ናት። ሌላ ሰው መጥራት እችል ነበር። ለምን እሳቸውን እንደጠራሁ አላውቅም። ምናልባት ከአጠገቤ ሆነው ፊቴን አይተው ያውቁብኛል ብዬ ይሆናል፣ ሳልናገር።

አያ ክፍሌ እስከ በሩ መጡና ደፉ ላይ ቆሙ። ከስተዋል። ኤ.ን አይተው ፊታቸው በራ፤ መቼም ተጋብቶ አለቀ አሉ። እዚህ ጋ ይያዙልኝ አልኳቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«ተው ልጄ» አሉኝ። «እጄ ደግ አይደለም። ይሄ ሰው ይዞ የሚነሣ ነገር ነው። እኔ ነክቼው ብትወድቅ የትኛውን ንስሐ እገባለሁ? የገብሱ ይበቃኛል።»

ኧረ ግድ የለም አልኳቸው። ኧረ ይያዙ አልኳቸው። ጮህኩባቸው እንኳ፣ ሰባ ዓመት ባለፋቸው ሰው ላይ። ራሳቸውን እየነቀነቁ እጃቸውን ሳያወጡ ወደ ኋላ ወጡ። ገብሳቸው ግማሹ እንኳ አልታጨደም፤ ሲሄዱ እንደ ዘበት ነገሩኝ፣ ሳይረግፍ እንዳልደርስበት ፈራሁ አሉ። ፀሐይና ነፋስ ከበረዶው የተረፈውን እያራገፉት ነው።

ኤ.ን መሬት ላይ አስቀምጬ አለቀስኩ። ብዙ ሰው ይህን ይጽፋል ብዬ አላስብም። እኔ እጽፈዋለሁ፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።


ኅዳር 11። ጠዋት 1፡30

ሌሊት ለአሰለፈች ነገርኳት። ልናገር ነው አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የተኛችው።

«ዘገየህ» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «አብሬህ እመጣለሁ» አለች።

ሰማዕት አይደለሁም። በረዶውን እኔ እንዳላመጣሁት ዛሬም አውቃለሁ። ይህን ግን ለማን እላለሁ? በረዶ ከደመና ነው ብዬ አውጫጭኙ ላይ ብናገር ኖሮ ሁለታችንንም ያድነን ነበር ወይ? አያድነንም። ስለዚህ በሚገባቸው ቋንቋ እነግራቸዋለሁ፤ አቦ ዕለት የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ሴትዮዋ የሰማችው የእኔን ሞረድ ነው። ሜዳው ይቀራል። በበልግ ይታረሳል። ከዚህ ወዲያ በርና ሳጥን የሚያሠራኝ ሰው ስለመኖሩም እንጃ።

የሚከፋው ሌላ ነው። አያ ክፍሌ ላያምኑኝ ይችላሉ። ማጭዳቸውን እውነትም ሁለት ጊዜ ሞርደዋል። አንተም አጠፋህ፣ እኔም አጠፋሁ ብለው፣ የኔን ጨምረው ይሸከሙት ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያቃጠልኩት።

ግራ ኤ. ሳይሰቀል መሬት ላይ ነው። ቀና አድርጌ በሸራ ሸፈንኩት። አይጥ እንዳይበላው እንጂ ለሌላ አይደለም።

አሰለፈች ነጠላዋን ደርባ ደጅ ቆማለች። መጀመሪያ አቶ በላቸው ቤት። ከዚያ በቀጥታ ወደ አያ ክፍሌ ማሳ፤ ያጠፋ ሰው ላጠፋ ሰው ወንፈል ቢገባ ከልካይ የለውም። ትናንት ማታ በዓይኔ ለካሁት፤ ለእሳቸውና ለእኔ የሦስት ቀን አጨዳ ነው። ዛሬ አንድ። ነገ ሚካኤል ነው፣ አይነካም። ከዚያ 13 እና 14።